መጀመሪያ በእርሳስ

መጀመሪያ በእርሳስ ሙሉት፤ እስክሪብቶው ይቆየን፣
ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ስንት ጊዜ አየን!

ይህን እላቸዋለሁ፣ በየዓመቱ፣ አሥራ ሁለት «ለ» ክፍል፣
ንፋሱ የመስኮቱን ካርቶን ገንጥሎ ሊጥል ሲታገል።
አርባ ሦስት ልጅ፣ ዘጠኝ እርሳስ፣ አንድ መቅረጫ፣
አርባ ሦስት ወረቀት፣ ባዶ፣ ከላዩ «ምርጫ»።

መሐል ሜዳ ላይ ሰው ምርጫ ብዙ አያውቅም፤
ገብስ ነው፣ ወይ ባቄላ፤ ከዚያ ወዲያ አይጠየቅም።
ቅጹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ደርድሮ ሲጠይቅ፣
ጣት እርሳሱ ላይ ይደርቃል፤ ከብርድ ይሁን ከፍርሃት አይታወቅ።

እንየው «ሕክምና» ጻፈ፤ አጥፍቶ «ሕግ»፤ አጥፍቶ ዝም።
«አባቴ ሐኪም ሁን ይላል፤ እኔ ደም ሳይ መቆም አልችልም።»
ሙሉሰው ደግሞ ጓደኛው የጻፈውን ነው የገለበጠ፣
ስሕተቱን እንኳ ሳይለቅ በቦታው ያስቀመጠ።

እኔስ ምን አውቃለሁ? ሦስቱን ግቢ ብቻ ነው ያየሁ፤
ቀሪውን ከተመለሱ ልጆች ጠይቄ በደብተር ይዣለሁ፦
ውሃ በሳምንት ሁለቴ የሚመጣው የትኛው ጋ፣
የቱ ቤተ መጻሕፍት በሩን ሌሊት እንደማይዘጋ፣
ቁልፍ የሌለው ቁምሳጥን ዕቃ እንደማያሳድር፣
ለራት የዘገየ ልጅ በባዶ ሆዱ እንደሚያድር።
ይህ የትም አልተጻፈ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ያለፈውን ዓመት ፈተና አውጥተን
በሰዓት እንሠራለን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን።
«ያላወቃችሁትን ዝለሉት፤ ትመለሳላችሁ» እላለሁ።
የሚመለሱት ወደ ጥያቄው ነው።
ወደ መንዝ ስንቱ? እንጃ፤ እቆጥራለሁ።

ባንቺአምላክ ወረቀቷን በክንዷ ከለለች፤
ከልጆቹ ሁሉ በሒሳብ እሷ ነች የላቀች።
በኋላ አየሁት። አንድ፣ ደብረ ብርሃን። ሁለት፣ ደብረ ብርሃን። ሦስት፣ ያው።
«የእናቴ ዓይን ደክሟል፣ ጋሼ። ከእኔ በቀር ሰው ማነው?»

ላጲሱ በእጄ ነበር፤ ብፍቀው እሺ ትለኛለች፣
መምህር ያለው ይሆናል በሚል አገር ነው ያደገች።
የኔን ቅጽ በጊዜው ርእሰ መምህሩ ነበሩ የሞሉት፣
«ለአንተ መምህርነት ነው» ብለው በእስክሪብቶ የቋጩት።
አልከፋሁም። አልጠላሁትም። ግን እስከ ዛሬ ድረስ
አንዳንድ ሌሊት ያችን መስመር አያታለሁ፣ ባዶዋን፣ ያለ እርሳስ።

ላጲሱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፣ በእሷ በኩል።
«ነገ አምጪው። ለእናትሽ አንብቢላት፤ የቅርቡን የሩቁን እኩል።»

በማግስቱ መጣች። ወረቀቱ ከመፋቅ ብዛት ሳስቷል፣
ብርሃን ያሳልፋል። ምርጫ አንድ ላይ «ድሬዳዋ» ተቀምጧል።
እናትሽስ አላልኳትም። ራሷ ነገረችኝ፦
«‹ቅርብ ሆነሽ ከምታዪኝ ርቀሽ መነጽር ግዢልኝ› አለችኝ።»

ምደባው በክረምት ወጣ። ከቴሌው ምሰሶ ሥር ቆመን፣
አንድ ስልክ ለአሥራ አምስት ሰው፣ በጭጋጉ አንገት አስግገን።
እንየው ሕግ ደረሰው። አባቱ እስካሁን አላናገሩኝም።
ሙሉሰውን ከጓደኛው ለይቶ ጋምቤላ ጣለው፤
ምርጫው የተቀዳ ቢሆንም እንባው የራሱ ነው።

ከዚያ የስንቁ ወግ መጣ፦ አራት ጉርድ ፎቶ፣ አንድ ጓጉንቸር ቁልፍ፣
ለብሩ ከውስጥ ኪስ ይሰፋ፤ መናኸሪያ ላይ የለም እንቅልፍ።
የባንቺአምላክ እናት ባና አጠፉላት፣ የመንዝ በግ ጠጉር፣ ሸክሙ ከባድ።
«እዚያ እኮ ሙቀት ነው» ብላቸው፣
«እንግዳነትስ?» አሉኝ፣ «እሱ አይደለም ወይ ብርድ?»

በኅዳር ደወለች፤ ከኋላዋ የብዙ ሴት ጫጫታ።
«ባናውስ?» አልኳት፣ ቀድሜ ከሰላምታ።
«አጥፌ ወንበር ላይ አደረግኳት፤ ቁጭ ብዬባት አነባለሁ፤
ጠረጴዛው ረጅም ነው፣ ጋሼ፤ በእሷ እደርሳለሁ።
ለእናቴ ይንገሩልኝ፣ መነጽሩ ገና ነው።»

ዘንድሮ አርባ ዘጠኝ ሆነዋል። ካርቶኑ ያው ነው።
ሰባት እርሳስ ጨምረናል። ላጲሱ ግን አንድ ነው፣
ጠረጴዛው ላይ፣
በእነሱ በኩል።